የራስ ሰርቨር ወይስ ኪራይ? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት የሰርቨሩን፣ ማለትም የድርጅትን መረጃና ፕሮግራም ይዞ ለሌሎች ኮምፒውተሮች የሚያቀርበውን ማሽን፣ ዋጋ ከወር ኪራዩ ጋር ብቻ አነጻጽሮ «በሁለት ዓመት ኪራይ የራሴ ይሆናል» ብሎ መወሰን ነው። 300 ዋት የሚወስድ ሰርቨር ያለማቋረጥ ሲሠራ በ30 ቀን 216 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በዚህ ላይ ማቀዝቀዣው፣ የዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ ለአጭር ጊዜ ኃይል የሚሰጠው መሣሪያ) ባትሪ፣ የጄኔሬተሩ ነዳጅና በእኩለ ሌሊት የሚጠራው ባለሙያ ይታከላሉ። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ሕንፃ 4ኛ ፎቅ ላይ ያየሁት ሰርቨር ከመወልወያና ከባልዲ ጋር መስኮት በሌላት ክፍል ተቀምጦ፣ ሙቀቱ እንዲወጣ በሩ በካርቶን ተደግፎ ነበር። ዩፒኤሱ መብራት ሲጠፋ 10 ደቂቃ ያህል ያቆየዋል፤ እሑድ ግን የሕንፃውን ጄኔሬተር የሚያስነሣ ሰው የለም።

«አዲስ አበባ ብርድ ናት፣ ማቀዝቀዣ ምን ያደርጋል» የሚለውም አሳሳች ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል። በመሆኑም ብዙ አምራቾች እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚፈቅዱትን የክፍል ሙቀት ጣሪያ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ በ1 ዲግሪ ይቀንሱታል። ወደ 2,400 ሜትር በሚጠጋው መሀል ከተማ ጣሪያው 30 ዲግሪ ገደማ ይሆናል ማለት ነው፤ የተዘጋች ክፍል ደግሞ ይህን በቀላሉ ታልፋለች።

የውጭ አገር ሰርቨር ኪራይ በዶላር እንደሚታሰብ መዘንጋትም ዋጋ ያስከፍላል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ከ100 ብር በላይ ሲወጣ፣ በብር በጀት የያዘ ተከራይ ወጪው በእጥፍ ገደማ አደገበት። ገዢውም ቢሆን ነፃ አይደለም፤ መለዋወጫው የሚመጣው በዶላር ነው።

በኪራይ ቢሮ ውስጥ የራስን ሰርቨር የሚተክል ሰው ቢሮውን የሚለቅበትን ቀንም ማሰብ አለበት። የኮሪደር ልማቱ ፒያሳንና ካዛንቺስን ሲነካ ብዙ ድርጅቶች ዕቃቸውን ጭነው ተዛውረዋል፤ ወንበር በአንድ ቀን ይተከላል፣ የፋይበር መስመርና ቋሚ የአይፒ አድራሻ (ሰርቨሩ በኢንተርኔት የሚገኝበት ቁጥር) ግን ጊዜ ይወስዳሉ። ለዚህ ማሽኑን ገዝቶ በዳታ ማዕከል (ለሰርቨሮች ተብሎ በተዘጋጀ ሕንፃ) ቦታ መከራየት የሚባል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ብዙዎች ሳያስቡት ያልፉታል።

የሰዎችን የግል መረጃ የሚይዝ ድርጅት ውጭ አገር ከመከራየቱ በፊት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ያንብብ። ውሉንም እንዲሁ፦ ዲስክ ሲበላሽ በስንት ሰዓት እንደሚቀየር ሳያዩ መፈረም አይገባም፤ ባክአፑ (የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ) ደግሞ በአብዛኛው የተከራዩ ኃላፊነት ነው።