የጃቫ ፕሮግራምን ራሱን ወደቻለ ፋይል እንዴት እንለውጣለን?

ድሬዳዋ ውስጥ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ላለ አንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የሽያጭ መመዝገቢያ ፕሮግራም በጃቫ ሠርቼ ነበር። ፕሮግራሙ ሥራውን አሳምሮ ይሠራል፤ ጣጣው የሚመጣው መብራት ሲሄድ ነው። መብራቱ ተመልሶ አሮጌው ኮምፒውተር ሲነሳ፣ መጀመሪያ ዊንዶውስ፣ ቀጥሎ የጃቫ ማስኬጃው፣ ከዚያ ፕሮግራሙ እስኪከፈት ደንበኛው ባንኮኒው ላይ ክርኑን አስደግፎ ይጠብቃል። ዊንዶውስን ማፍጠን አልችልም። የቀረውን ጊዜ ግን ቆረጥኩት፤ ፕሮግራሙን አስቀድሜ ወደ ማሽን ቋንቋ ቀየርኩና የጃቫ ማስኬጃው ሳያስፈልገው በቀጥታ እንዲነሳ አደረግሁ። ይህን የሚሠራው መሣሪያ ኔቲቭ ኢሜጅ ይባላል፤ ግራልቪኤም ከሚባለው የጃቫ ማስኬጃና መገንቢያ ጥቅል ጋር አብሮ ይመጣል። ከዚህ በታች ያሉትን ትዕዛዞች በድምፃቸው በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ፤ ኪቦርድ ላይ ግን በላቲን ፊደል ይተየባሉ።

መጀመሪያ ግራልቪኤምን አውርደው ይጫኑ፤ ጃቫ ሆም የተባለውን የአካባቢ ተለዋዋጭም ወደ እርሱ ያመልክቱት። የሲ ቋንቋ ኮምፓይለርም ያስፈልጋል፤ ሊኑክስ ላይ ጂሲሲ፣ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ከቪዥዋል ስቱዲዮ ጋር የሚመጣው። የሚወጣው ፋይል በተሠራበት ስርዓተ ክወና ላይ ብቻ ስለሚሠራ፣ ለዊንዶውስ የሚሆነውን ዊንዶውስ ላይ መሥራት ግድ ነው። ሥራው ራምና ፕሮሰሰር አብዝቶ ይበላል። እኔ 8 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ስሠራ ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ እዘጋለሁ፤ በድሬዳዋ የቀትር ሙቀትም አልሞክረውም፣ ማለዳ ነው የምሠራው።

ቀጥሎ የጃቫ ፕሮጀክት መገንቢያ የሆነውን የሜቨንን ማዋቀሪያ ፋይልዎን ይክፈቱና ኔቲቭ የሚባል ፕሮፋይል ይፍጠሩ። በውስጡ ከግራልቪኤም የመገንቢያ መሣሪያዎች አንዱ የሆነውን ኔቲቭ-ሜቨን-ፕለጊን ያስገቡ፤ የዋናውን ክላስ ስምም ይጻፉለት። ከአማራጮቹ መካከል ‹ኖ-ፎልባክ› የሚለውን እንዲጨምሩ እመክራለሁ። እርሱ ከሌለ አንዳንድ ሥሪቶች ሳይሳካላቸው ሲቀር አሁንም ጃቫ የሚፈልግ ፋይል ሠርተው ያስረክቡዎታል፤ እንዲያ ከሚያታልል ስህተቱን ፊት ለፊት ቢናገር ይሻላል። ከዚያ ኤምቪኤን ብለው፣ ሰረዝ ፒ ኔቲቭን አስከትለው፣ ፓኬጅ በሚለው ይጨርሱና ሻይ ይጠጡ።

ሥራው ያለ ስህተት ያልቃል፤ ፕሮግራሙም ይነሳል። ብዙ ሰው በዚህ ይደሰትና የመጀመሪያውን ደረሰኝ ለማውጣት ሲሞክር ይደነግጣል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኔቲቭ ኢሜጅ ኮዱን ከዋናው ክላስ ተነሥቶ እየተከተለ ይሄዳል፤ የደረሰበትን ይይዛል፣ ያልደረሰበትን ይተዋል። ለጅቡቲ ባቡር ሻንጣውን የሚያዘጋጅ ሰው ይመስላል፤ ፉርጎው ከተንቀሳቀሰ በኋላ የረሳውን ለማምጣት መመለስ የለም። በሪፍሌክሽን፣ ማለትም ፕሮግራሙ እየሄደ ሳለ በስሙ ብቻ የሚጠራውን ክላስ ደግሞ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ሊያየው አይችልም። እኔ መረጃን ጄሰን ወደሚባለው የጽሑፍ ቅርጸት ለመቀየር የምጠቀምበት ጃክሰን የተባለው ላይብረሪ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ስለሆነ፣ የ‹ደረሰኝ› ክላሴ ምንም መስክ እንደሌለው ቆጥሮ አልለውጥም አለ።

እነዚህን ክላሶች በእጅ እየዘረዘሩ ማዋቀሪያ መጻፍ ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ለዚህ የተሠራ መከታተያ ኤጀንት አለ። ፕሮግራምዎን በተለመደው ጃቫ፣ በግራልቪኤም ማስኬጃ ላይ ሲያስነሱ ይህን ያስከትሉ፤ ሰረዝ ኤጀንትሊብ፣ ሁለት ነጥብ፣ ኔቲቭ-ኢሜጅ-ኤጀንት፣ የእኩል ምልክት፣ ኮንፊግ-አውትፑት-ዲር፣ እንደገና የእኩል ምልክት፣ በመጨረሻ የማኅደሩ አድራሻ። አድራሻው በፕሮጀክቱ ሪሶርስስ ማኅደር ውስጥ ሜታ-ኢንፍ፣ በእርሱ ውስጥ ደግሞ ኔቲቭ-ኢሜጅ ቢሆን ኔቲቭ ኢሜጅ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። ፕሮግራሙ በሚሄድበት ጊዜ በሪፍሌክሽን የተጠራውን ሁሉ፣ ከፕሮግራሙ ጋር ከታሸጉት ፋይሎችም የተከፈተውን ኤጀንቱ ይመዘግባል።

ኤጀንቱ ግን የሚያውቀው ያሳዩትን ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ እኔ ራሴ ሸጥኩ፣ ደረሰኝ አወጣሁ፣ የዕለቱን ሒሳብ ዘጋሁና ጨረስኩ። ሱቁ ውስጥ በሁለተኛው ቀን ፕሮግራሙ ተበላሸ። ሒሳብ ያዧ፣ በድሬ ልማድ ‹እርስዎ› የሚባል ነገር ሳታውቅ፣ “አንተ፣ እዚህ ሰፈር ዕቃ የሚመልስ ሰው የለም ብለህ ነው?” አለችኝ። የተመላሽ ዕቃ ገጹን አንድም ጊዜ አልከፈትኩትም ነበር። በሁለተኛው ሙከራ ኤጀንቱን አስነሥቼ ወንበሩን ለእርሷ ለቀቅሁ። ዋጋ በስህተት ጻፈች፣ ሰረዘች፣ የባለፈውን ወር ሪፖርት አወጣች፤ የሠራኋቸውንና የረሳኋቸውን አዝራሮች ሳይቀር ነካካች። እንዲህ ያለውን ተጨማሪ ዙር ሲያደርጉ በኮንፊግ-አውትፑት-ዲር ፈንታ ኮንፊግ-መርጅ-ዲር የሚለውን ይጠቀሙ፤ አዲሱ በነበረው ላይ ይደመራል እንጂ አያጠፋውም።

አማርኛ ለምንጠቀም ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። ኔቲቭ ኢሜጅ በተለምዶ የሚይዘው ፋይሉ የተሠራበትን ኮምፒውተር የቋንቋ ቅንብር ነው። የእኔ ላፕቶፕ በእንግሊዝኛ የተዋቀረ ስለነበር ደረሰኙ ላይ የወሩ ስም በእንግሊዝኛ ወጣ። ሰረዝ ኤች፣ ሁለት ነጥብ፣ ኢንክሉድሎኬልስ (ያለ ክፍተት)፣ የእኩል ምልክት የሚለውን አማራጭ ከአማርኛ መለያ ሁለት ፊደላት፣ ከኤ እና ኤም ጋር ሲጨምሩ ይስተካከላል።

የኢኒሺያላይዝ-አት-ቢልድ-ታይምን አማራጭ ሲጠቀሙም ይጠንቀቁ። ክላሱ የሚነሳው በግንባታው ወቅት ስለሚሆን፣ የይለፍ ቃል ወይም የአሁኑን ሰዓት በስታቲክ መስክ የሚይዝ ከሆነ ያ ዋጋ በፋይሉ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ፋይሉን ለመጀመሪያ ጊዜ በፍላሽ ይዤ ሱቁ ስደርስ የገጠመኝ ደግሞ ሌላ ነበር። ኮምፒውተሩ አስፈላጊ የፕሮሰሰር አቅሞች እንደሚጎድሉት የሚናገር አጭር መልእክት አሳየና ፕሮግራሙ ተዘጋ። አዳዲሶቹ የግራልቪኤም ሥሪቶች ለኢንቴልና ለኤኤምዲ የሚያዘጋጁት ፋይል በተለምዶ ኤቪኤክስ2 የሚባሉትን መመሪያዎች ይፈልጋል፤ ኢንቴል እነዚህን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2013 በሃስዌል ፕሮሰሰሮች ነው። የሱቁ ማሽን ከዚያ በፊት የተሠራ ነበር። ሰረዝ ማርች፣ የእኩል ምልክት፣ ኮምፓቲቢሊቲ ብለው ቢገነቡ አሮጌውም አዲሱም ያስነሳዋል። በየሱቁ ያለውን ኮምፒውተር ስለማውቀው አሁን ይህን አማራጭ ከማዋቀሪያዬ አላወጣውም።

በሙከራ ላይ ሳሉ ሰረዝ፣ ትልቁ ኦ እና ትንሹ ቢ የሚለው አማራጭ ግንባታውን ያፋጥንልዎታል፤ ለደንበኛ የሚሰጠውን ሲሠሩ ግን ያውጡት። ላይብረሪ ባሳደሱ ቁጥርም ኤጀንቱን እንደገና ያስነሡ፤ ወንበሩንም ለሒሳብ ያዧ ይልቀቁ።