ሀቬሊና ደጃችሁን እንዳይለምድ እንዴት ማድረግ ይቻላል?

አሪዞና ውስጥ፣ በተለይ ቱሳን ወይም ከፊኒክስ ወጣ ብሎ የሚኖር ሰው ይዋል ይደር እንጂ ሀቬሊና ከሚባለው የዱር እንስሳ ጋር መተዋወቁ አይቀርም። ጠዋት ሲነሳ የአበባ ማሰሮው ተገልብጦ፣ ቆሻሻው መንገድ ላይ ተዘርግፎ ያገኘዋል። አብዛኛው ሰው ወዲያው የሚያስበው እንዴት እንደሚያባርረው ነው። እኔ ግን ማባረሩ በኋላ ይደርሳል ባይ ነኝ። መቅደም ያለበት እንስሳውን የጠራውን ነገር ማንሳት ነው።

መጀመሪያ ግን ማንነቱን እንወቅ። ሀቬሊና አሳማ ይመስላል እንጂ አሳማ አይደለም። ፔካሪ የሚባል የራሱ ቤተሰብ አለው፤ ከአሪዞናና ከቴክሳስ ጀምሮ እስከ ሰሜን አርጀንቲና ድረስ ይኖራል። ጸጉሩ ሻካራና ግራጫ ነው፤ አንገቱ ዙሪያ ነጣ ያለ ቀለበት አለው። አንድ አዋቂ 20 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ ግን ብቻውን አይመጣም፤ የሚንቀሳቀሰው በመንጋ ነው። የከርከሮ ክራንቻ ተቆልምሞ ወደ ውጭ ይወጣል፤ የሀቬሊና ግን ቀጥ ያለ ነው። አፉን በከፈተና በዘጋ ቁጥር የላዩና የታቹ እየተፋተጉ ይሳላሉ። ወገቡ ላይ፣ ከጭራው ከፍ ብሎ የሽታ እጢ ስላለው ብዙ ጊዜ ሳታዩት በፊት ይሸታችኋል። ዓይኑ ደካማ ነው። አፍንጫውን ግን አትናቁት፤ ደጃችሁ የሚያመጣው እሱ ነው።

1. የሚበላውን አንሱ

በዱር ዋና ምግቡ በለስ ነው። የበለሱን ቅጠል ከነእሾሁ ይበላዋል፤ ውሃም የሚያገኘው ከዚያው ነው። ታዲያ በለስ ከነእሾሁ የሚያላምጥ እንስሳ የቆሻሻ ፌስታል ምኑ ነው?

ቆሻሻችሁን ማታ አታውጡ። መኪናው በሚመጣበት ቀን ጠዋት አውጡት። ግቢያችሁ ውስጥ ብርቱካን ወይም ሌላ ፍሬ ካለ የወደቀውን በየቀኑ ልቀሙ። የውሻና የድመት ምግብ ውጭ አይደር። ለወፍ የሚሰቀል እህልም መሬት ላይ ከተበተነ ለሀቬሊና ግብዣ ነው። ኦክቶበር ላይ ለሃሎዊን በዓል ደጃፍ የሚደረደረው ዱባማ አይነገር፤ እሱን ቤት ውስጥ ብታስቀምጡት ይሻላል። ሥራቸው ሽንኩርት የሚመስል አበቦች የምትተክሉ ከሆነ ደግሞ ዙሪያውን በዶሮ ሽቦ ሸፍኑ፤ ቆፍሮ ያወጣቸዋል።

መኪናችሁንም አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ2022 ኮርንቪል በምትባል የአሪዞና ከተማ አንድ ሰው የመኪናውን የኋላ በር ከፍቶ አደረ። ሀቬሊና የቺቶስ (ከበቆሎ የሚሠራ መክሰስ) ከረጢት ሸቶት ገባ፤ በሩ ተዘጋበት። ውስጡን ሲቦጫጭቅ አድሮ ዳሽቦርዱን ገነጣጠለው፤ ጭራሽ ማርሹን ነካክቶ ኒውትራል ላይ አደረገውና መኪናው ተንከባሎ መንገዱን ተሻገረ። ፖሊስ መጥቶ በሩን ሲከፍትለት ሮጦ ወደ ጫካው ገባ። ይህ ሁሉ ለአንድ ከረጢት ቺቶስ ነው!

አንዳንድ ሰው አዝኖላቸው ካሮትና ዳቦ ይወረውርላቸዋል። ይሄ ደግነት አይደለም። ሀቬሊና ሰውን የሚነክሰው ከስንት አንዴ ነው፤ ሲነክስም ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሰዎች ምግብ ስለሰጡት ነው። በአሪዞና የማሪኮፓ፣ የፒማና የፒናል ካውንቲዎች ደግሞ እነሱን መመገብ በሕግ የተከለከለ ነው።

2. መግቢያውን ዝጉ

አጥራችሁ ከስር ካልጠነከረ ዋጋ የለውም፤ በአፍንጫው ገፍቶ ይገባል። የአትክልት ቦታ ላላችሁ ከመሬት ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የተዘረጋ አንድ መስመር የኤሌክትሪክ ሽቦ በቂ ነው።

ከቤቱ ወለል ስር ክፍተት ካለ ጥላ ፍለጋ ይገባበታል። ከመድፈናችሁ በፊት መውጣቱን አረጋግጡ። ቀላሉ ዘዴ መግቢያው ላይ ዱቄት ነስንሶ ኮቴው ወደየት እንደሚያመራ ማየት ነው። ግልገል ውስጥ ቀርቶ ከደፈናችሁት እናቲቱ ቤቱን ታፈርሳለች።

3. ግቢ ውስጥ ካገኛችሁት

ርቀታችሁን ጠብቃችሁ ጩኹ፤ ድስት በጭልፋ ደብድቡ፤ በጎማ ውሃ ርጩበት። አቼቶም ይሠራል። አንዱን እጅ አሞኒያ በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጦ በመርጫ መርጨትም የታወቀ ዘዴ ነው፤ ዓይኑን ግን አትንኩ፤ አሞኒያውንም በምንም ተአምር ከበረኪና ጋር አትቀላቅሉት። መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

ይህ ሁሉ መውጫ ሲኖረው ነው። ጥግ ከያዘ አታስጨንቁት። በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱና ሁላችሁም ቤት ግቡ። በራሱ ጊዜ ይወጣል። በማግስቱ ጠዋት እዚያው ካገኛችሁት የአሪዞናን የዱር እንስሳትና ዓሣ መሥሪያ ቤት ጥሩ።

ወደ እናንተ ሮጦ ከመጣ ደግሞ ወዲያው ሊነክሰኝ ነው አትበሉ። ዓይኑ ደካማ ስለሆነ ሲደነግጥ በተገኘው አቅጣጫ ይሮጣል። መንገዱን ልቀቁለት።

4. ውሻ ካላችሁ

እኔን ብትጠይቁኝ ትልቁ አደጋ እዚህ ላይ ነው። ለሀቬሊና ውሻ ማለት ኮዮቴ (ውሻ የሚመስል የዱር አውሬ) ነው፤ ኮዮቴ ደግሞ ልጆቹን የሚበላ ጠላቱ ነው። የእናንተ ውሻ ጅራቱን እየቆላ ለጨዋታ ቢሄድም እሱ የሚያየው ሌላ ነገር ነው። መንጋው ተባብሮ ይመጣል፤ በዚያ ክራንቻ የተወጋ ውሻ ክፉኛ ሊቆስል፣ ሊሞትም ይችላል።

ስለዚህ ስታንሸራሽሩት አጭር ገመድ ያዙ። ያ የሚረዝም የሚያጥረው ገመድ እዚህ አይሆንም። ሀቬሊና ካያችሁ ወይም ከሸተታችሁ ወዲያው ዞራችሁ በሌላ መንገድ ሂዱ። የጀርባው ጸጉር ከቆመና ጥርሱን ቀጭ ቀጭ ካደረገ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቀረብ ብሎ ቪዲዮ መቅረጽ አያስፈልግም። ማታ ውሻውን ግቢ ከመልቀቃችሁ በፊት መብራት አብሩና ዙሪያውን ቃኙ።

በተለይ ቀይ ቡናማ ግልገሎች ካያችሁ በደንብ ራቁ። ብቻውን የቀረ የሚመስል ግልገል ብታገኙም አትንኩት፤ ቤትም አታስገቡት። እናቱ ብዙ ጊዜ እዚያው አካባቢ ናት፤ ሰው ዘወር ሲልላት ትመጣለች።