የልጆች የራስ ቅማል እየተመላለሰ ሲያስቸግር እንዴት ይጠፋል?

ትልቋ ልጄ ኬጂ እያለች በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ራሷ ላይ ቅማል ወጣ። ሦስቱንም ጊዜ አጥፍቼዋለሁ ብዬ ነበር። አንዴ መድኃኒት ቀባኋት። አንዴ ፀጉሯን አሳጠርኩ። አንዴ ቤት ውስጥ ያለውን አንሶላ ሁሉ ቀቀልኩ። ወር ሳይሞላ እንደገና ራሷን ስታክ አያታለሁ። የባሕር ዳር ሙቀት ነው፣ ላብ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ኋላ ነው የገባኝ። አብዛኛውን ጊዜ ቅማሉ ተመልሶ አልመጣም ነበር። መጀመሪያውንም ጨርሼ አላጠፋሁትም።

ሥራው ከባድ አይደለም። ግን 17 ቀን ይፈልጋል። በአንድ ቅዳሜ አያልቅም።

በመጀመሪያ ስለ ቅማሉ

የራስ ቅማል የሰሊጥ ፍሬ ያህላል። ቅጫሙ፣ ማለትም እንቁላሉ፣ ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም። ሴቷ ቅማል በቀን እስከ 8 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ የራስ ቅላችንን ሙቀት ስለሚፈልግ ፀጉሩ ሥር ላይ፣ ከቆዳው አጠገብ ታጣብቀዋለች። ቅጫሙ ከ7 እስከ 10 ባሉት ቀናት ይፈለፈላል። የተፈለፈለችው ትንሽ ቅማል አድጋ በተራዋ እንቁላል እስክትጥል ደግሞ ከሳምንት በላይ ይፈጅባታል። እነዚህን ቀኖች ያዙልኝ። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁን ሁሉ የምንቆጥረው በእነሱ ነው።

ቅማል አይዘልም፣ አይበርም። ይሄዳል። የሚሻገረውም ራስ ከራስ ሲነካካ ነው። ባጃጅ ውስጥ ሕፃናት ተጠጋግተው ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ አንድ ስልክ ላይ ሦስት ልጆች ሲደፉ፣ ለበዓል የመጡ የአክስት ልጆች አንድ አልጋ ላይ ሲያድሩ። ከራስ የወረደ ቅማል ግን ደም ስለማያገኝ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አይኖርም። ስለዚህ ጉልበታችሁን ፍራሽ ላይ አትጨርሱት። ራስ ላይ አውሉት።

የቆሸሸ ልጅ ብቻ ነው ቅማል የሚያወጣው የሚለው ነገር በጣም ጎድቶናል። ንጹሕ ፀጉር ላይም እኩል ይወጣል። ትልልቆቹ የሚፈሩት ተስቦና ትኩሳት ግርሻ የሚመጣው በልብስ ቅማል ነው። የራስ ቅማል ያሳክካል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ልጅን ያሳፍራል፤ እነዚያን በሽታዎች ግን አያመጣም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ጣና ዳር ልጆች ሲዋኙ ቅማሉ ይታጠባል የሚሉ አሉ። አይታጠብም። ቅማል ፀጉሩን ጨብጦ ውኃ ውስጥ ለሰዓታት መቆየት ይችላል። ሐይቁ ዳር ብልሃርዚያ ስላለ ደግሞ ቅማል ይጠፋል ብላችሁ ልጅ እንዳትነክሩ።

የቤቱን ሰው ሁሉ በአንድ ቀን እዩ

ልጁን ብቻ አትዩ። እናት፣ አባት፣ አያት፣ የቤት ሠራተኛ፣ ሁሉም በዚያው ቀን ይታይ። እኔ ልጄን አክሜ ራሴን ሳላይ ቀርቻለሁ። አብራኝ ነበር የምትተኛው። መጀመሪያ ቅማል ሲይዘን ማሳከኩ እስኪጀምር ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። አያሳክከኝም ማለት የለብኝም ማለት አይደለም።

ከጆሮ ጀርባና ማጅራት ላይ ጀምሩ። እዚያ ይበዛል። ፎረፎርና ቅጫም እየተምታታ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፎረፎር እፍ ስትሉት ወይም በጣት ስትነኩት ይበናል። ቅጫም ፀጉሩን ሙጭጭ ብሎ ይይዛል፤ በጥፍር ካልሳባችሁት አይነቃነቅም። ከቆዳው ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ርቆ የምታዩት ቅጫም አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ቅርፊት ነው፤ ፀጉር ሲያድግ ይዞት ወጥቷል። ሕክምናውን የምትጀምሩት የምትሄድ ቅማል ስታገኙ ነው።

ማበጠሩ

ትልቁ ሥራ ይሄ ነው። እኔም የተሳሳትኩት እዚሁ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

የሚያስፈልጋችሁ ጥርሱ በጣም የተጠጋጋ የቅማል ማበጠሪያ ነው። ከቻላችሁ የብረቱን ግዙ። የፕላስቲኩ ርካሽ ነው። ግን እንደኛ ያለ ከርዳዳ ፀጉር ላይ ጥርሱ ይታጠፍና ቅማሉ በመሃል ያመልጣል። ሁለት የፕላስቲክ ማበጠሪያ ሰብሬ ነው ወደ ብረቱ የሄድኩት። ከዚህ ሌላ ሰፊ ጥርስ ያለው ተራ ሚዶ፣ ኮንዲሽነር፣ የፀጉር ላስቲኮች፣ ነጭ ሶፍት ወይም ነጭ ጨርቅ፣ ለብ ያለ ውኃ። ሰዓቱ ከቀትር በፊት ቢሆን ጥሩ ነው። በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ ከጀርባችሁ ሆና። አምፖል ሥር ቅጫም ፈልጌ ዓይኔን ከማድከም በቀር ያገኘሁት ነገር የለም።

ፀጉሩን አርጥቡትና ኮንዲሽነሩን ሳትሰስቱ ቀቡት፣ ሥሩ ድረስ። ኮንዲሽነር ቅማልን አይገድልም። ግን ለጥቂት ደቂቃ መራመድ ያቅታታል። ደረቅ ፀጉር ስትገልጡ ከብርሃኑ ሸሽታ የምትሰወረው ቅማል አሁን ባለችበት ትቆማለች። ኮንዲሽነር ካጣችሁ ቅቤም ዘይትም ለማንሸራተት ያገለግላል። ቫዝሊን ግን አትሞክሩ። ለማስለቀቅ አንድ ሳምንት ታጥበናል።

ከዚያ መጀመሪያ በሰፊው ሚዶ ወይም በጣታችሁ ፍቱት። ይህን ዘላችሁ በቀጥታ ጠባቡን ማበጠሪያ ብትሰዱት ልጅቷ ትጮሃለች። ከዚያ በኋላ ማበጠሪያውን ባየች ቁጥር ትሸሻለች። የኔዋ አልጋ ሥር ገብታ አልወጣም ብላኛለች። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ቸኩዬ።

ሲፈታ ራሱን ለአራት ክፈሉና ሦስቱን በላስቲክ እሰሩ። ከአራተኛው ላይ የጣት ውፍረት ያህል ብቻ ለዩ። ፀጉሩን ከሥሩ ከፍ ብሎ በግራ እጃችሁ አጥብቃችሁ ያዙ፤ እንዲህ ከሆነ ስትጎትቱ ቆዳዋን አያማትም። ማበጠሪያውን ቆዳው ላይ አስነኩትና መጀመሪያ ሥሩን፣ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ፣ በአጭር በአጭሩ ሳቡ። ቅማሉም ሊፈለፈል የደረሰው ቅጫምም ያለው እዚያ ነው። ቀጥሎ እስከ ጫፉ ሳቡት። ማበጠሪያውን ነጩ ሶፍት ላይ ጥረጉና ያወጣውን እዩ። ያንኑ ፀጉር ገልብጣችሁ ከሥር ወደ ላይም አበጥሩ። ባዶ ሆኖ ሲወጣ ጠቅልላችሁ እሰሩትና ወደሚቀጥለው።

ማበጠሪያው ከቆመ አትግፉት። ወደ ሚዶው ተመለሱ። ፀጉሩ ሲደርቅ ኮንዲሽነር ጨምሩ።

ለአንድ ልጅ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ፀጉሯ ብዙ ከሆነም ይበልጣል። አያቴ በልጅነታችን በረንዳ ላይ ጭኗ ላይ አስተኝታ ስትቀምለን ተረት ትነግረን ነበር። እንቅልፍ ይወስደን ነበር። እኔ ለልጄ ስልክ ላይ ካርቱን እከፍትላታለሁ። ግን ተረቱ ይሻላል፤ ስልክ ስታይ አንገቷን ትደፋለች፣ ማጅራቷ ይወጠራል።

ጨርሳችሁ ታጠቡና አንድ ዙር ድገሙ። ማበጠሪያውን የፈላ ውኃ ውስጥ ክተቱ።

አሁን ቀኑን ቁጠሩ። ቅዳሜ ከጀመራችሁ ያ 1ኛ ቀን ነው። 5ኛው ረቡዕ፣ 9ኛው እሑድ፣ 13ኛው ሐሙስ ይውላል። በአራቱም ቀን አበጥሩ። በየመሃሉ የሚፈለፈሉት እንቁላል ለመጣል ሳይደርሱ ይለቀማሉ ማለት ነው። 17ኛው ቀን፣ ሰኞ፣ የመጨረሻ ፍተሻ ታደርጋላችሁ። በዚህ ቀን የምትሄድ ቅማል ካገኛችሁ ቆጠራው ከ1 ይጀምራል። አውቃለሁ፣ ያታክታል። እኔ 5ኛው ቀን ላይ ምንም ስላላገኘሁ ያቆምኩ ጊዜ ነው የተጃጃልኩት። ቅጫሙ ገና አልተፈለፈለም ነበር።

መድኃኒት ከተጠቀማችሁ

ፋርማሲ ውስጥ 1 በመቶ ፐርሜትሪን ያለበትን ጠይቁ። 5 በመቶው ለእከክ የሚሆን ነው፣ አይምታታባችሁ። ያለ ኮንዲሽነር ታጥቦ እርጥበቱ የተመጠጠ ፀጉር ላይ ቀብታችሁ 10 ደቂቃ ቆይቶ ይታጠባል። ኮንዲሽነር ከቀደመ መድኃኒቱ በደንብ አይሠራም። በ9ኛው ቀን ድገሙት፤ መድኃኒቱ ቅጫሙን አይገድልምና። ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን አይሆንም። ቅማሉ መድኃኒቱን የለመደባቸው ቦታዎችም ስላሉ እኔ ያለ ማበጠር በመድኃኒት ብቻ አላምንም።

ላምባ ወይም ነጭ ጋዝ እንዳትቀቡ። እለምናችኋለሁ። ከሰል በሚነድበት፣ ቡና በሚፈላበት ቤት ራሱ ላይ ጋዝ የተቀባ ልጅ ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ቆዳም ያቃጥላል። ፍሊት፣ የትኋን መርጫ፣ የእህል ተባይ መድኃኒት፣ እነዚህም በልጅ ራስ በኩል ወደ ሰውነት ይገባሉ።

ልብሱና አልጋው

ባለፉት ሁለት ቀናት ራሱን የነካውን ብቻ፦ ትራስ ልብስ፣ አንሶላ፣ ሻሽ፣ ኮፍያ፣ ፎጣ። በሙቅ ውኃ ዘፍዝፉ። ከ54 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት በ10 ደቂቃ ይገድላል፤ ከእሳት የወረደ ውኃ ይበቃዋል። የማይታጠበውን ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ሁለት ሳምንት አስቀምጡ። ቤት መርጨት አያስፈልግም።

ሹሩባ

ለእንቁጣጣሽ ነበር። ልጄን መድኃኒት ቀብቼ፣ ምንም ስላላየሁ፣ በማግስቱ ሹሩባ አሠራኋት። አበባየሆሽ ልትል ስለሆነ እንድታምርልኝ ፈልጌ። ሦስት ሳምንት ሳይፈታ ቆየ። ስፈታው የነበረውን ማየት አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። ማጅራቷ በማከክ ቆስሎ ነበር።

ሹሩባን አትፍሩት። ንጹሕ ራስ ላይ ሲሆን እንዲያውም ጥሩ መከላከያ ነው፣ የተሰበሰበ ፀጉር ከሌላ ልጅ ፀጉር ጋር አይነካካም። ግን ከ17ኛው ቀን በፊት አታሠሩ። የራሳችሁን ሚዶ ይዛችሁ ሂዱ። ሠሪዋ አትቀየምም፤ እኔ አንድም ቀን ተቀይማብኝ አታውቅም።

ለጎረቤት መንገር

ቅማሉ ለሦስተኛ ጊዜ የመጣው ግን በዚህ ነው። አፈርኩና አልተናገርኩም። የጎረቤቴ ልጅና የኔዋ ከትምህርት ቤት መልስ አንድ ምንጣፍ ላይ ነው የሚውሉት። የኔዋን ሳጸዳ ከእሷ ይመጣል፣ እሷን እናቷ ስታጸዳ ከኛ ይሄዳል። ሁለታችንም ዝም ብለን ለወራት ተቀባበልን።

በመጨረሻ እንዲህ አልኳት፦ «ልጄ ራስ ላይ ቅማል አግኝቻለሁ። አብረው ስለሚጫወቱ የልጅሽንም ዛሬ እይላት። ቅዳሜ አብረን እናበጥራቸው።» ከናንተ መጣ አላልኳትም። የራሴን አስቀድሜ ነገርኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ለካ እሷም መናገር አቅቷት ኖሯል። ለመምህርቷም ልጆቹ ሳይሰሙ ለብቻዋ ነገርኳት። አንድ ልጅ ክፍል ውስጥ «ቅማላም» ከተባለ ዓመቱን ሙሉ አይለቀውም። ዘጌ ላሉት አያቷም ደወልኩ፣ የአክስቶቿ ልጆች እዚያ አብረዋት ስለሚያድሩ። በዚያው ሳምንት ሁሉም ቤት ማበጠር ጀመረ። እስካሁን አልተመለሰም።

ካጸዳችሁ በኋላም ልጁ አንድ ሁለት ሳምንት ሊያክ ይችላል። ቆዳው እስኪረጋጋ ነው። እያበጠራችሁ የምትሄድ ቅማል ካላገኛችሁ አትደንግጡ፣ መድኃኒትም አትደራርቡ። ራሱ ላይ መግል ከያዘ፣ አንገቱ ላይ እባጭ ካያችሁ ወይም ካተኮሰው ግን ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

እኛ ቤት አሁን ቅዳሜ ጠዋት የራስ ቀን ነው። ፀጉር ስትታጠብ በዚያው ኮንዲሽነር ማጅራቷንና ከጆሮዋ ጀርባ አበጥራለሁ፣ ሶፍቱን አያለሁ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ዕቃዎቹን አንድ ጣሳ ውስጥ አድርጌ መታጠቢያው በር ላይ አስቀምጫለሁ፣ ፍለጋ እንዳልገባ። ጎረቤቴም የኔን አይታ የራሷን ጣሳ አዘጋጅታለች።