ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሞተሪኖው ሲደክም፦ የማሳ ገመድ ብልሽት በክላሲክ እና በዘመናዊ መኪና

ምልክቱ፦ ባትሪው ሙሉ ነው፣ ተርሚናሎቹም ጠብቀዋል፤ ሆኖም ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) እየጎተተ ያዞራል። እኔ ከፈታኋቸው መኪኖች መካከል በአብዛኞቹ ላይ ጥፋቱ የተገኘው ሞተሩን ከሻንሲውና ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር በሚያገናኘው የማሳ ገመድ ላይ ነው። በሞተሪኖው ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ካርቦን ማለቅ አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ የሞተር መያዝ (ተጣብቆ አልዞር ማለት) ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው።

በክላሲክ መኪና ላይ ይህ ብልሽት ራሱን አይደብቅም። ሞተሩ የሚቀመጠው ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ የላስቲክ ትራስ ላይ ስለሆነ፣ ማሳው ሲበጠስ ኤሌክትሪኩ ባገኘው ብረት ሁሉ መመለሻ ይፈልጋል። አንድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራ መኪና ከዳሽቦርዱ ሥር ጭስ ይወጣል ተብሎ መጥቶልኝ፣ ቁልፉን ሳዞር የቾክ ገመዱ (ከዳሽቦርዱ ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደው የብረት ገመድ) እጅ የማያስነካ ሆኖ ሽፋኑ ይቀልጥ ነበር። ሞተሩ በወረደበት ጊዜ የተፈታውን የማሳ ሹሩባ (የተጎነጎነ የማሳ ገመድ) መልሶ ያሰረው ሰው አልነበረም፤ የሞተሪኖው ጉልበት በሙሉ የሚያልፈው በዚያች ቀጭን የቾክ ገመድ ነበር።

በዘመናዊ መኪና ላይ ግን ያው ብልሽት ሌላ መልክ ይይዛል። ቮልቴጁ ሲወርድ ኮምፒውተሮቹ መነጋገር ስለሚያቅታቸው የኤቢኤስ፣ የመሪና የኤርባግ መብራቶች በአንድ ጊዜ ይበራሉ፤ ስካነሩም (የብልሽት ኮድ የሚያነበው መሣሪያ) እርስ በርስ የማይገናኙ ኮዶችን ይደረድራል። አንድ ባለቤት ኮዶቹን እያመነ ሁለት ሴንሰሮችን፣ ባትሪውንና ሞተሪኖውን ካስቀየረ በኋላ ነበር ወደ እኔ የመጣው። ገመዱ ከውጭ አዲስ ይመስላል፤ ከመታሰሪያው አጠገብ ላስቲኩን በቢላ ስሰነጥቀው ግን መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ በጣቶቼ መሀል ረገፈ። ቮልቴጅ ሳይለኩ በኮድ ብቻ ዕቃ ማስቀየር የባለቤቱን ገንዘብ ማባከን ነው።

ገመዱን በኦም መለካት አይጠቅምም። ሞተሪኖው 200 አምፔር ሲስብ 0.01 ኦም ብቻ 2 ቮልት ይበላል፤ ይህን ያህል ትንሽ ተቃውሞ ደግሞ ተራ ቴስተር በትክክል አያሳይም። ስለዚህ ሞተሩ እንዳይነሳ ከተደረገ በኋላ የቴስተሩ ጥቁር ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ እርሳስ (ከባትሪው በወጣው ምሰሶ) ላይ፣ ቀዩ በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ተደርጎ ቁልፉ ይዞር። ጥቁሩ ጫፍ ማሰሪያው ላይ ሳይሆን እርሳሱ ራሱ ላይ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ የማሰሪያው ዝገት ሳይለካ ያልፋል። ንባቡ እስከ 0.2 ቮልት ከሆነ ደህና ነው፤ 0.5 ካለፈ ጥፋቱ ተገኝቷል።

መፍትሔው ገመዱን መቀየርና የሚታሰርበትን ቦታ ቀለሙና ዝገቱ እስኪለቅ ፍቆ በደንብ ማጥበቅ ነው። ግራሶ የሚቀባው ከታሰረ በኋላ ነው። ላስቲኩ ወፍራም፣ ውስጡ ግን መዳብ የተለበጠ አልሙኒየም የሆነ ገመድ ፈጽሞ አይገዛ፤ በሚዛኑ ቅለት ይታወቃል፣ ሲፋቅም ነጭ ይሆናል።

ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ ለመፈተን ተብሎ ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ አይነቀል፤ ቮልቴጁ በቅጽበት ከ40 በላይ ሊዘልና የዘመናዊውን መኪና ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። በአንዳንድ የቆዩ የእንግሊዝ መኪኖች ደግሞ ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው። በእነዚህ ላይ ከላይ የተሰጠው ልኬት በባትሪው ፖዘቲቭና በሞተሩ መካከል ይወሰዳል፤ ገመድ ከመንካት በፊትም የትኛው ወገን ወደ ሻንሲው እንደሚሄድ በዓይን ተከትሎ ማረጋገጥ ግዴታ ነው።