ላይብረሪ ከማደሳችሁ በፊት የተቀየረውን ኮድ እንዴት ታነባላችሁ?

ብዙዎቻችን ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈውት በፕሮጀክታችን የምንጠቀምበት ኮድ) የምናድሰው አንድ ትእዛዝ ጽፈን ነው። ተርሚናሉ ላይ መስመሮች ይግተለተላሉ፣ ቁጥሩ ይቀየራል፣ ፕሮጀክቱ ከተነሳ "አለቀ" ብለን ወደ ሌላ ሥራ እንሄዳለን። ውስጡ ምን ተነካ? ማን ነካው? ለምን? አንጠይቅም። ኮዱ ግን ለማንም ክፍት ሆኖ ተቀምጧል። ማንበቡም አይከብድም፣ በተለይ መገልገያ ላይብረሪ ከሆነ፣ ምክንያቱም ፋንክሽኖቹ (ስም የተሰጣቸው የኮድ ቁራጮች) አጫጭር ናቸው፣ እያንዳንዱም የራሱን ሥራ ብቻ ይሠራል።

ይህን የምጽፈው ከቱሉ ዲምቱ ነው። እዚህ አዲስ አበባ ዳር ኮድ የሚጽፍ ሰው መብራትና ዳታ ከሐሳቡ አይጠፉም። መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል፣ የሚቀረው የላፕቶፑ ባትሪና የስልኩ ሆትስፖት ነው። ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ፣ ለገጣፎ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ የማሳያችሁ መንገድ ኢንተርኔት የሚፈልገው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ነው። ንባቡ ያለ ኔትወርክ ያልቃል።

ለምሳሌ ሎዳሽን ይዘን እንሂድ። የጃቫስክሪፕት መገልገያ ላይብረሪ ነው፣ በ2012 አንደርስኮር ከሚባል ሌላ ላይብረሪ ተገንጥሎ የወጣ፣ ጆን ዴቪድ ዳልተን የጀመረው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የምናነበው ከ4.17.20 ወደ 4.17.21 የተደረገውን ለውጥ ነው። በ2021 የካቲት አካባቢ ነው የወጣው። አዲስ አይደለም፣ ግን ለመለማመጃ ከእሱ የተሻለ አላውቅም። አጭር ነው፣ ቁምነገሩም ብዙ ነው። በእኛ በኩል ደግሞ ለሰፈር እድር የተሠራች ትንሽ የመዋጮ መዝገብ አለች እንበል። የአባላት ስም፣ የወር መዋጮ፣ ቅጣት፣ ሌላ የላትም።

1. አሁን ያላችሁበትን ቨርዥን እወቁ

ፕሮጀክታችሁ ውስጥ ሁለት ፋይሎች አሉ። ፓኬጅ ጄሰን የሚባለው ምን እንደፈቀዳችሁ ይናገራል። ፓኬጅ ሎክ የሚባለው ደግሞ በእርግጥ የተጫነው የትኛው እንደሆነ ይናገራል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አይቶ ይዘጋዋል። እዚያ ከቁጥሩ በፊት ሽቅብ የሾለች ምልክት ካለች ግን "ትልቁ ቁጥር እስካልተቀየረ ድረስ አዲስ የወጣውን አምጣልኝ" ማለት ነው። ስለዚህ እውነቱን የምታገኙት ሎክ ፋይሉ ውስጥ ነው። ይህ ፋይል ላይብረሪ ከሚጭንልን መሣሪያ፣ ከኤንፒኤም፣ 5ኛ ቨርዥን ጀምሮ፣ ማለትም ከ2017 ወዲህ፣ በራሱ ይፈጠራል። ጊት (የኮድ ለውጥን ታሪክ የሚይዘው መሣሪያ) ውስጥ አስገቡት፣ አትደብቁት።

ከዚያ ተርሚናል ላይ "ኤንፒኤም ኤልኤስ ሎዳሽ" በሉ። ሎዳሽን እናንተ ባትጭኑትም ሌላ ላይብረሪ ይዞት ገብቶ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ሁለት የተለያየ ቨርዥን ጎን ለጎን ተቀምጦ ታገኛላችሁ። "ኤንፒኤም አውትዴትድ" ደግሞ ያላችሁን፣ የተፈቀደላችሁንና የመጨረሻውን ጎን ለጎን ያሳያችኋል።

2. ቁጥሩን አንብቡት፣ ግን እሱን ብቻ አትመኑ

በልማዱ የመጀመሪያው ቁጥር ከተቀየረ የድሮ ኮዳችሁ ሊሰበር ይችላል፣ የመሃሉ ከተቀየረ አዲስ ነገር ተጨምሯል፣ የመጨረሻው ከሆነ ጥገና ብቻ ነው። ሎዳሽ በ2016 ጥር 4.0.0 ሲሆን ፕለክ የሚባለውን ፋንክሽን አወጣው፣ ሥራውን ማፕ እንዲሠራ ተደረገ። ኮንቴይንስ ቀርቶ ኢንክሉድስ ብቻ ሆነ። ዌር ወጥቶ ፊልተር ተተካ። ትልቁ ቁጥር ስለተቀየረ ይህ የሚጠበቅ ነው።

ቁጥሩን የሚሰጠው ግን ሰው ነው። በ2022 ጥር ከለርስ የሚባለው በጣም የተስፋፋ የኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ላይብረሪ ባለቤቱ ሆን ብሎ ማለቂያ የሌለው ሉፕ ጨመረበት። ከ1.4.0 በኋላ ያወጣቸው ሲጫኑ ብዙ ፕሮግራሞች ትርጉም የሌለው ጽሑፍ እያተሙ ቀሩ። ትልቁ ቁጥር አልተነካም ነበር። በራሱ እንዲያድስ የተፈቀደለት ፕሮጀክት ሁሉ ዝም ብሎ ተቀበለው። ኮዱን ከፍቶ ያየ ሰው ግን ወዲያው ነው የሚያውቀው።

3. ኮዱን አውርዱ

ዳታ ከበቂ በላይ ከሆነ፣ ወይም ቢሮ ዋይፋይ ካለ፣ ሙሉውን ጊት ክሎን አድርጉ፣ ማለትም ከነታሪኩ አውርዱት። አንዴ ከወረደ ታሪኩ በሙሉ ላፕቶፓችሁ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ "ጊት ፌች" ስትሉ የሚመጣው አዲሱ ብቻ ነው፣ ያ ደግሞ ትንሽ ነው።

ዳታ ካነሰ ሌላ ዘዴ አለ። ጊትሃብ (ኮዱ የተቀመጠበት ድረ ገጽ) ላይ የላይብረሪውን አድራሻ ከፍታችሁ መጨረሻው ላይ "ኮምፔር" ጨምሩ፣ ከዚያ ሁለቱን ቨርዥኖች በሦስት ነጥብ (...) አገናኙ። አድራሻው ጫፍ ላይ ደግሞ ነጥብና "ዲፍ" ብትጨምሩበት የሁለቱን ልዩነት ብቻ የያዘ፣ ምስልና ቁልፍ የሌለው ነጠላ ጽሑፍ ይወርድላችኋል። ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። መብራት ቢሄድም ታክሲ ውስጥ ማንበብ ትችላላችሁ።

4. መጀመሪያ የኮሚቶቹን መልእክት

ኮሚት ማለት ጊት ውስጥ ከነማብራሪያው የተመዘገበ አንድ ለውጥ ነው። "ጊት ሎግ" ብላችሁ በአንድ መስመር እንዲያሳይ "ዋንላይን" የሚለውን ጨምሩ፣ ከዚያ 4.17.20 እና 4.17.21ን በሁለት ነጥብ (..) አያይዙ። የሚወጣው ጥቂት መስመር ነው። አንዱ ቴምፕሌት በሚባለው ፋንክሽን በኩል ትእዛዝ ሰርጎ እንዳይገባ ከልክያለሁ ይላል። አንዱ ደግሞ ቱ ናምበር፣ ትሪምና ትሪም ኤንድ በረጅም ጽሑፍ ላይ እንዲፈጥኑ አድርጌያለሁ ይላል። የቀረው ቁጥሩን መቀየር ነው።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። "አፍጥኛለሁ" የሚለው መልእክት ሲያዩት ተራ ነው። ፍጥነት ችግሬ አይደለም ብላችሁ ልታልፉት ትችላላችሁ። እሱ ግን እውነተኛ የደህንነት ቀዳዳ ነው የደፈነው፣ በይፋ የተመዘገበ ቀዳዳ። ለዚህ ነው መልእክቱ የት እንደምትሄዱ ይጠቁማችኋል እንጂ ኮዱን አይተካም የምለው።

5. አሁን ዲፉን

"ጊት ዲፍ" ከሁለቱ ቁጥሮች ጋር ጻፉና መጀመሪያ "ስታት" በሚለው ማጠቃለያውን እዩ። የትኛው ፋይል ስንት መስመር እንደተነካ ያሳያል። በቁጥሩ ብዛት አትደንግጡ። ሎዳሽ የተገነባውንም ፋይል አብሮ ስለሚያስቀምጥ አንዱ ለውጥ በተለያየ ፋይል ውስጥ ተደጋግሞ ይመጣል። ዋናውን የሎዳሽ ፋይልና የቴስት (የመሞከሪያ ኮድ) ፋይሉን ብቻ አንብቡ።

ዲፍ ውስጥ የመቀነስ ምልክት ያለበት መስመር የወጣ ነው፣ የመደመር ምልክት ያለበት የገባ ነው። ሌላው ቦታውን እንድታውቁ የቀረበ ነው።

ትሪምን እንይ፣ ከጽሑፍ ፊትና ኋላ ያለን ክፍት ቦታ የሚቆርጠውን። የእድሯ መዝገብ ውስጥ በጣም የሚሠራው እሱ ነው። ጸሐፊው ስም ከቴሌግራም ኮፒ አድርገው ሲለጥፉ ከኋላ ክፍት ቦታ ተከትሎ ይመጣል። ክፍት ቦታው ካልተቆረጠ "አልማዝ" እና "አልማዝ " ሁለት ሰው ሆነው ይመዘገባሉ፣ አንዷ ከፍላ አንዷ ባለ ዕዳ ትሆናለች። ስለዚህ ትሪም ሲነካ ያገባናል።

የወጣው መስመር ሬጀክስ ነው፣ በጽሑፍ ውስጥ የተወሰነ ቅርጽ የሚፈልግ አጭር ቀመር። ትርጉሙ "እስከ ጽሑፉ መጨረሻ የሚደርስ የክፍት ቦታ ሰልፍ ፈልግ" ነው። ንጹሕ ይመስላል። አሁን አንድ ሰው ስም በሚሞላበት ሳጥን ውስጥ አንዲት ፊደል፣ ከኋላዋ 50,000 ክፍት ቦታ ጻፈና መጨረሻው ላይ ሌላ ፊደል አስቀመጠ እንበል። ሬጀክሱ ከመጀመሪያው ክፍት ቦታ ተነስቶ እስከ መጨረሻዋ ፊደል ይሮጣል፣ መጨረሻው እንዳልሆነ ያያል፣ ይመለሳል። ከሁለተኛው ይነሳል፣ እንደገና ይሮጣል። ከሦስተኛው። እንዲህ እያለ ሲደመር ከ1.2 ቢሊዮን በላይ እርምጃ ነው። ኖድ ደግሞ ጃቫስክሪፕቱን የሚያስኬደው በአንድ መስመር ስለሆነ፣ ያ ሥራ እስኪያልቅ ሌላው ተጠቃሚ ሁሉ ይጠብቃል። አንድ ሰው በአንድ ስም መዝገቡን ለሁሉም ያቆመዋል ማለት ነው።

የገባው ኮድ ጥቂት መስመር ነው። ከጽሑፉ መጨረሻ ይነሳል፣ ወደ ኋላ አንድ አንድ ፊደል እያየ ይመጣል፣ ክፍት ቦታ ያልሆነ ሲያገኝ ይቆማል። በቃ። በዚያ ተንኮለኛ ስም ላይ ገና የመጨረሻዋን ፊደል አይቶ ይቆማል። መልሱ ከድሮው ጋር አንድ ነው፣ መንገዱ ብቻ ተቀየረ። እኔ እንዲህ ያለ ጥገና ሳይ ደስ ይለኛል፤ ምንም የሚያስጨበጭብ ነገር የለውም፣ ግን በትክክል ታስቦበታል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ሁለት ነጥብ፣ ማለትም "፡"፣ ለኮምፒውተሩ ክፍት ቦታ አይደለም። ድሮውንም አሁንም ትሪም አይቆርጠውም። የእኛ ሰው በየቃሉ መሃል ከጻፈው እናንተው ራሳችሁ ማጽዳት አለባችሁ።

የቴምፕሌቱን ቶሎ እንለፈው። "ቫርያብል" በሚባለው አማራጭ በኩል ቅንፍ፣ የእኩል ምልክት፣ ኮማ፣ ክፍት ቦታና የመሳሰሉት ከገቡ አሁን ስህተት ይወረውራል። መዝገባችን ቴምፕሌትን ስለማይጠቀም አይነካንም። እናንተ ግን ከተጠቃሚ የመጣ ጽሑፍ እዚያ የምታስገቡ ከሆነ ዛሬውኑ አድሱ።

6. የእናንተን ኮድ ፈትሹ

"ጊት ግሬፕ" ብላችሁ የተነኩትን ፋንክሽኖች ስም ፕሮጀክታችሁ ውስጥ ፈልጉ። የማትጠቀሙበት ፋንክሽን ላይ ብዙ አትቆዩ። የምትጠቀሙበትን ግን የላይብረሪውን ቴስት ጭምር አንብቡ፣ ምክንያቱም ጠጋኙ ምን እንዳስፈራው እዚያ ነው የሚታየው። ከዚያ የራሳችሁን ቴስት ጨምሩ፣ በአማርኛ ጽሑፍ። የውጭ ላይብረሪ ጸሐፊዎች የግእዝ ፊደል ይሞክራሉ ብላችሁ አትጠብቁ። ስም በክፍት ቦታ፣ ስም በሁለት ነጥብ፣ ባዶ ስም፣ በጣም ረጅም ስም።

7. የሚጫነው ያነበባችሁት መሆኑን አረጋግጡ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው አያውቀውም፣ እኔ ግን ከሁሉም የማጠብቀው እሱን ነው። ጊትሃብ ላይ ያለው ኮድና ኤንፒኤም ላይ የተለቀቀው ጥቅል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ2024 መጋቢት ኤክስዜድ በሚባለው የመጭመቂያ መሣሪያ ላይ የተገኘው የጀርባ በር ይህን በደንብ አሳይቷል። 5.6.0 እና 5.6.1 ላይ ነበር የገባው። ተንኮሉን የሚያስነሳው ቁራጭ የተለቀቀው ጥቅል ውስጥ እንጂ ጊቱ ውስጥ አልነበረም። ጊቱን ብቻ ያነበበ ሙሉውን አያየውም። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው ያገኘው፣ በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግቢያው መንገድ) መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት "ለምን?" ብሎ ቆፍሮ።

ለኤንፒኤም መፍትሔው ቀላል ነው። ከኤንፒኤም 7 ጀምሮ "ኤንፒኤም ዲፍ" የሚባል ትእዛዝ አለ፣ የተለቀቁትን ሁለት ጥቅሎች እርስ በርስ ያነጻጽራል። ቅድም ካነበባችሁት ጋር አስተያዩት። አዲሱ ፓኬጅ ጄሰን ውስጥ ሲጫን በራሱ የሚነሳ ስክሪፕት ተጨምሮ እንደሆነም እዩ። መገልገያ ላይብረሪ እንዲህ ያለ ስክሪፕት አያስፈልገውም። ካገኛችሁ ምክንያቱን ሳታውቁ አትጫኑ።

8. አድሱ

ጊት ላይ አዲስ ብራንች (ዋናውን ኮድ ሳይነኩ የሚሠራበት ቅርንጫፍ) ክፈቱ። ቁጥሩን ሙሉ ጽፋችሁ ጫኑ፣ "የመጨረሻውን" ብላችሁ አይደለም። ቴስቱን አስኬዱ። ሎክ ፋይሉ ውስጥ ሎዳሽ ብቻ መቀየሩን ተመልከቱ፣ ሌላ ያልጠበቃችሁት ላይብረሪ አብሮ ከተነቃነቀ እሱንም እንዲሁ ታነቡታላችሁ። ሰርቨሩ ላይ "ኤንፒኤም ኢንስቶል" ሳይሆን "ኤንፒኤም ሲአይ" ተጠቀሙ፣ ሎክ ፋይሉ ያለውን ብቻ ነው የሚጭነው።

ከተበላሸ የድሮውን ፓኬጅ ጄሰንና ሎክ ፋይል ከጊት መልሱና "ኤንፒኤም ሲአይ" በሉ፣ እንደነበረ ይሆናል። ጥፋቱ የላይብረሪው ከመሰላችሁና ክሎን ካላችሁ "ጊት ባይሴክት" የትኛው ኮሚት እንዳመጣው ይፈልግላችኋል። በየጊዜው ግማሹን እየጣለ ስለሚሄድ ለ1,000 ኮሚት 10 ሙከራ ይበቃዋል። ያገኛችሁትን ለጸሐፊዎቹ ንገሩ። መጀመሪያ ሌላ ሰው አስመዝግቦት እንደሆነ እዩ፣ ካልተመዘገበ ችግሩን የሚያሳይ በጣም አጭር ኮድና ቨርዥኑን ጽፋችሁ ላኩ። እንደ ትሪሙ ያለ ሰው ሊጎዳበት የሚችል ቀዳዳ ከሆነ ግን በአደባባይ አትጻፉት። "ሴኪዩሪቲ" የሚል ፋይል ፈልጉ፣ እዚያ በተጻፈው መንገድ ለብቻቸው ላኩላቸው።