ጸጥተኛዋን ኮን ዳኦን በክረምት ለመጎብኘት ሲያቅዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ ቬትናም ደሴቶች ሲነሣ የብዙ መንገደኛ አሳብ ቶሎ የሚሄደው ወደ ፉ ኩዎክ ነው። ፉ ኩዎክ ግን ዛሬ ግዙፍ ሆቴሎች የተደረደሩባት፣ በባሕሩ ላይ የኬብል መኪና የተዘረጋባት ደሴት ናት። ጸጥታ የሚሻ ሰው ዓይኑን ወደ ኮን ዳኦ ቢያዞር ይሻለዋል። ኮን ዳኦ ከሜኮንግ ወንዝ አፍ ባሻገር በባሕር ላይ የተበተኑ 16 ደሴቶች ስብስብ ስትሆን፣ ከተማ ያለባት ትልቋ ደሴት ኮን ሶን ብቻ ናት። አብዛኛው ደንና በዙሪያው ያለው ባሕር ከ1993 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጸጥታዋ በአጋጣሚ የተረፈ አይደለም፤ ርቀቷና ሕጓ ጠብቀው ያቆዩት ነው። ዕቅድ የሚበላሸውም ይህን ካለመረዳት ነው።

የፉ ኩዎክን ነጻ መግቢያ ለኮን ዳኦ መቁጠር

ቬትናም ወደ ፉ ኩዎክ ብቻ ለሚሄድ የማንኛውም አገር ዜጋ የ30 ቀን ነጻ መግቢያ ትሰጣለች። ይህን የሰሙ ሰዎች ለደሴቶቹ ሁሉ የሚሠራ ይመስላቸዋል። አይሠራም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለኮን ዳኦ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የአሜሪካና የእስራኤል ፓስፖርት የያዙ ወገኖቻችንም እንዲሁ። የእንግሊዝ፣ የጀርመን፣ የጣሊያን ወይም የስዊድን ዜግነት ያላቸው ደግሞ እስከ 45 ቀን ያለ ቪዛ መቆየት ይችላሉ።

መልካሙ ነገር ከነሐሴ 2023 ወዲህ የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ለሁሉም አገር ዜጎች መከፈቱና እስከ 90 ቀን ማገልገሉ ነው። ክፍያው ለአንድ ጊዜ መግቢያ 25 ዶላር ነው። ከዚህ እጥፍ ድርብ የሚጠይቁ፣ የመንግሥት ድረ ገጽ የሚመስሉ የደላላ ገጾች ስላሉ ይጠንቀቁ። ስምዎን ፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈው፣ አንድ ፊደል ሳይቀር ያስገቡ። የአባትና የአያት ስም ቦታ ሲቀያየር ጣጣው የሚመጣው አውሮፕላን ማረፊያ ከደረሱ በኋላ ነው።

ሃኖይ ገብቶ ደረስሁ ማለት

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2025 ወደ ሃኖይ መብረር በመጀመሩ ቬትናም ለአዲስ አበባ ሰው ቀርባለች። ሃኖይ ግን በሰሜን፣ ኮን ዳኦ በደቡብ ናት። ከሃኖይ እስከ ሆ ቺ ሚን ከተማ ብቻ ሁለት ሰዓት ያህል የአውሮፕላን በረራ አለ። ከዚያ ወደ ደሴቲቱ የሚወስዱት አብዛኛዎቹ ባለ ፕሮፔለር ትንንሽ አውሮፕላኖች ሲሆኑ ጉዞው አንድ ሰዓት አይሞላም። የሚጭኑት ሰባ የማይሞላ ሰው ስለሆነ በክረምት ቲኬቱ ቀድሞ ያልቃል፤ ስለዚህ የዓለም አቀፍ በረራዎን ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት የዚህን ትንሽ አውሮፕላን ወንበር ያረጋግጡ። የተፈቀደውንም የሻንጣ ክብደት ይመልከቱ፤ ከአዲስ አበባ ይዘውት የተነሡት ሁሉ ላይጫን ይችላል።

መርከቡ በቀጠሮው ይነሣል ብሎ መተማመን

ከባሕር ዳር ከተማዋ ከቩንግ ታው በፈጣን መርከብ አራት ሰዓት ያህል፣ ከሜኮንግ ደልታው ከትራን ዴ ወደብ ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬዳል። በአውሮፕላን ቲኬት ላይ የሚቆጥብ ሰው ይህን ቢመርጥ አልቃወምም። ነገር ግን ነፋስ ሲነሣ መርከቡ ይሰረዛል፤ ማንም ሊያስገድደው አይችልም። ወደ አገር የሚመለሱበት በረራ ሰኞ ከሆነ እሑድ ከደሴቲቱ አይነሡ። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን በመካከል ይተዉ፤ ሁለት ቢሆን ደግሞ እንቅልፍዎን በሰላም ይተኛሉ። መርከቡ የሚያርፍበት ቤን ዳም ወደብ ከከተማው ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ የሚቀበልዎትን መኪና አስቀድመው ከማረፊያዎ ጋር ይነጋገሩ።

ዝናብ አለ ብሎ መሰረዝ

ደቡብ ቬትናምም እንደኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብ ታያለች። ይሁንና ዶፉ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ መጥቶ፣ ወርዶ፣ ይሄዳል። ለኮን ሶን የባሕር ወሽመጥ ይበልጥ የሚያስቸግረው ከኅዳር እስከ የካቲት የሚነፍሰው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ነው፤ በዚያ ወቅት ሰማዩ ደረቅ ሆኖ ባሕሩ ይናወጣል። በክረምት ግን ከተማው ፊት ያለው ባሕር አብዛኛውን ጊዜ ረጋ ያለ ነው። ጠዋቱን ለባሕር፣ ከሰዓቱን ጣራ ላለው ነገር ይመድቡ።

ቀኑን ሳይመረምሩ መምረጥ

ጸጥታን ፈልጎ በሐምሌ 20 ግድም ኮን ዳኦ የሚደርስ ሰው ይደነግጣል። ያ ዕለት፣ በእነርሱ ጁላይ 27፣ ቬትናማውያን የጦር ጉዳተኞቻቸውንና ሰማዕታቶቻቸውን የሚያስቡበት ነው፤ ኮን ዳኦ ደግሞ የሰማዕታት መቃብር ያለባት ደሴት ናት። ማረፊያው ሁሉ ይሞላል። በሴፕቴምበር 2 የነጻነት በዓላቸው አካባቢም እንዲሁ ነው። ቅዳሜና እሑድን አልፈው ከሰኞ እስከ ሐሙስ ቢሄዱ ያችኑ ደሴት በሌላ መልክ ያገኟታል።

ኤሊዎቹን እንደ ትርዒት መጠበቅ

ክረምቱን ለኮን ዳኦ የምመርጥበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው። በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት አረንጓዴ የባሕር ኤሊዎች እንቁላል ለመጣል ወደ ደሴቶቹ ዳርቻ ይወጣሉ፤ ዋነኛው ቦታ ባይ ካኝ የምትባለው ደሴት ናት። ስህተቱ አንድ ጀልባ ተከራይቶ ቀን ሄዶ፣ ቀን አይቶ ለመመለስ ማሰብ ነው። ኤሊዋ የምትወጣው በሌሊት፣ ውኃው ሲሞላ ነው። ስለዚህ በከተማው ባለው የብሔራዊ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት በኩል ተመዝግበው ከጠባቂዎቹ ዘንድ ማደር አለብዎት። መኝታው ቀላል ነው፣ ትንኝ አለ፣ ማዕበል ከተነሣም ጀልባው ይቀራል።

ያደረ ሰው የሚያየው ግን ይህን ነው። ኤሊዋ ሰውነቷን በአሸዋው ላይ እየጎተተች፣ በየመካከሉ እየቆመች ትወጣለች። በፊት መቅዘፊያዎቿ ሰፊ ጎድጓዳ ቦታ ትዝቅና በኋላ እግሮቿ ደግሞ ጠባብና ጥልቅ ጉድጓድ ታወጣለች፤ አሸዋውን በዝግታ፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እየጨለፈች። እስከዚያ ድረስ እጅግ ድንጉጥ ናት። አንድ የባትሪ ብርሃን ቢያርፍባት ሳትጥል ወደ ባሕር ልትመለስ ትችላለች። ጠባቂዎቹ ጎብኚውን ርቆ በጨለማ እንዲቆይ የሚያዙት ለዚህ ነው። መጣል ስትጀምር ከኋላዋ ያስጠጉዎታል፤ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ የሚያክሉ ነጫጭ እንቁላሎች መቶ ያህል ይወርዳሉ። እርሷ ጉድጓዱን ደፍና ከሄደች በኋላ እንቁላሎቹ ማዕበል ወደማይደርስበት የታጠረ ማፈልፈያ ይዛወራሉ፤ ሁለት ወር ያህል ቆይተው የተፈለፈሉትም ወደ ባሕር ይለቀቃሉ።

ስልክዎን ኪስዎ ውስጥ ይተዉት። የካሜራ ብልጭታ ክልክል ነው፤ ባይከለከልም ኖሮ ያችን እናት ማስደንገጥ ነውር ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ጠብቀው አንዲትም ላትወጣ ትችላለች፤ ይህን አምነው ይሂዱ።

እስር ቤቱን የዝናብ ቀን ማሳለፊያ ማድረግ

ከሰዓቱን ጣራ ላለው ነገር ይመድቡ ብያለሁ፤ እስር ቤቱን ግን በዚያ አልቆጥርም። ፈረንሳዮች በ1862 እስረኞችን ማጋዝ ከጀመሩ አንሥቶ እስከ 1975 ድረስ ኮን ዳኦ የግዞት ደሴት ነበረች። እዚያ 20 ሺህ ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይነገራል። ከከተማው ፊት ለፊት ያለው የድንጋይ ወደብ 914 ተብሎ ይጠራል፤ ሲሠራ ሞተዋል ተብለው የሚታሰቡት እስረኞች ቁጥር ነው። የነብር ቤት የተባሉት ጠባብ ክፍሎች ጣራቸው የብረት ፍርግርግ ነው፤ ዘበኞች ከላይ እየተመላለሱ እስረኞቹ ላይ ኖራ ይበትኑባቸው ነበር። ዓለም ያወቃቸው በ1970 ነው፤ ከአሜሪካ ምክር ቤት ልዑካን ጋር የሄደው ረዳት ቶም ሃርኪን ያነሣቸው ፎቶግራፎች ላይፍ መጽሔት ላይ ሲወጡ።

እኔ የምመክረው በመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ ከመዋኘትዎ በፊት እንዲያዩት ነው። ከዚያ በኋላ መንገድ ዳር ያሉት ያረጁ የባንግ ዛፎችና የድንጋይ ግድግዳዎች ምን እንዳዩ ያውቃሉ። ወደ ሰማዕታቱ መቃብር ወደ ሃንግ ዱዎንግ ሲሄዱ ደግሞ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ። ፈረንሳዮችን ስትዋጋ ተይዛ በ1952 ገና በወጣትነቷ የተረሸነችው ቮ ቲ ሳው ያረፈችው እዚያ ነው። ቬትናማውያን በእኩለ ሌሊት ግድም ነጭ አበባ፣ ማበጠሪያና መስተዋት ይዘው መቃብሯ ዘንድ ይመጣሉ። ቆመው ሲጸልዩ ፎቶ አያንሷቸው።

ቀሪዎቹ በአጭሩ

በደሴቲቱ የገንዘብ ማውጫ ማሽኖች ጥቂት ስለሆኑ የአገሩን ገንዘብ፣ ዶንግ፣ በበቂ ይዘው ይምጡ። ሞተር ብስክሌት በየቦታው ይከራያል፤ መንጃ ፈቃድዎ ሞተር የማይጨምር ከሆነ ግን የጉዞ ኢንሹራንስዎ አደጋ ቢደርስ ላይከፍል ስለሚችል በታክሲ ወይም በኤሌክትሪክ መኪና ይሂዱ። በመንገድ ዳር ወደ ሰው የሚጠጉ ጦጣዎችን አይመግቡ።

ጉዞው ነሐሴ ላይ ከዋለ የፍልሰታ ጾም ያገኝዎታል። ቡዲስቶቹ ለራሳቸው የሚያዘጋጁት ሥጋም አሳም የሌለበት ምግብ አለ፤ ቻይ ብለው ይጠይቁ። አለዚያ አትክልት ብቻ የሚመስለው ሳህን እንኳ የአሳ መረቅ ሊኖርበት ይችላል።

ለቤተ ሰብ ስጦታ ሲያስቡ ዛጎልና የባሕር ድንጋይ አይግዙ፤ ገዢ ሲኖር ነው ከባሕሩ የሚለቀመው። ገበያው ውስጥ በስኳር ወይም በጨው የተቆላ የባንግ ፍሬ ይሸጣል። እርሱን ይግዙ፤ ሻንጣ ውስጥም ቦታ አይዝም።