ቶሎ እሺ ያለች እናት ታሳስበኛለች፦ ለልጆች የክትባት ሙከራ ፈቃድ ስንጠይቅ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ይህን የምጽፈው በልጆች የክትባት ሙከራ ላይ አዲስ ለምትቀጠሩ ነርሶችና የመስክ ሠራተኞች ነው። ስለ መርፌ አያያዝና ስለ ማቀዝቀዣ ሥልጠና ትወስዳላችሁ፤ እሱን አልደግመውም። እኔ የማወራው ከወላጅ ጋር ስለምትቀመጡባት ሰዓት ነው።

«እሺ»ን እንደ ድል መቁጠር

አንጀቴን የሚያቃጥለኝ ይሄ ስለሆነ ረዘም ላድርገው። ጀማሪዋ ነርስ የፈቃድ ቅጹን ከመጀመሪያ ገጽ እስከ መጨረሻው በአንድ ትንፋሽ ታነበንበዋለች። እናት ልጇን እያጠባች ራሷን ትነቀንቃለች። ንባቡ ሲያልቅ «እሺ ሲስተር፣ እኔ ምን አውቃለሁ፣ እናንተ ታውቃላችሁ» ብላ ትፈርማለች። ነርሷ ደስ ብሏት ቁጥር ትመዘግባለች። እናትየው ልትወጣ ስትል ነጠላዋ ጫፍ ላይ የቋጠረችውን የክትባት ካርድ ፈትታ «እዚህ ላይ አትጽፉልኝም?» ትላለች።

በቃ፣ ያ ሁሉ ንባብ ከንቱ ቀረ። ለእሷ ይሄ ከዘጠኝ ወሩ የኩፍኝ ክትባት ቀጥሎ የሚመጣ አንድ መርፌ ነው። በእሷ ልንፈርድ አንችልም። ልጅን አለማስከተብ ነውር መሆኑን ለዓመታት የነገርናት እኛው ነን። ያው ጤና ኬላ፣ ያው ነጭ ጋዋን፣ ያው የክትባት ሳጥን ነው የምታየው። መደበኛው ክትባት ተፈትኖ ያለቀለት፣ የእኛው ግን ይሥራ አይሥራ ገና እየተጠና ያለ መሆኑን በምን ትለየው? ይህቺን ነገር ቅጹ መሃል ላይ ቀብራችሁ አትተዉአት፤ ከሰላምታ ቀጥሎ ተናገሯት።

ከዚያ ደግሞ «ገባሽ?» አትበሉ። «ገባሽ?» የተባለ ሰው «አዎ» ከማለት ሌላ ምን ይላል? ይልቅ «ማታ አባቱ ሲመጣ ምን ብለሽ ትነግሪዋለሽ?» በሏት። «አዲስ ክትባት ወጉልኝ እለዋለሁ» ካለች ቅጹን አጥፋችሁ ከመጀመሪያው ጀምሩ። «ይሠራ እንደሆነ ሊያዩበት ነው፣ ደምም ይወስዳሉ፣ ካልፈለግን መተው እንችላለን» ካለች ያኔ እስክሪብቶውን አቀብሏት። ይሄ ጊዜ ይፈጃል። «የተመዘገበ ልጅ ስንት ደረሰ?» እያለ የሚደውል አለቃ ካላችሁ ደግሞ በእሱ ዘንድ አትወደዱም፤ አትወደዱ።

ሹም አስከትሎ መግባት

ቀበሌውን ሳታሳውቁ ሥራ አትጀምሩም፤ ትክክል ነው። ሊቀመንበሩን ይዞ ቤት ለቤት መዞር ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ በር ላይ ቆሞ ወላጅ «አይሆንም» አይልም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ጉዳይ ከዚህ አይለይም። ነገ ልጁ ሲያስቀምጠው የሚሮጡት ወደ እሷ ስለሆነ ሊያስቀይሟት አይፈልጉም። መንገድ ታሳያችሁ፤ ፈቃድ ስትጠይቁ ግን ውጭ ትቆይ።

አባትንና አያትን መዝለል

እናት ብቻዋን ፈርማ ወረቀቱ የተሟላ ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ግን ለሁለተኛው ዙር አይመጣም። አባት ማታ ገብቶ «ማንን አማክረሽ ነው?» ብሎ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ቅጹን ቤት ይውሰዱት፣ ይደሩበት፣ ጎረቤት ያስነብቡት። አያቶችን ደግሞ አትፍሯቸው። በ1981 ዓ.ም. የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ጊዜ ልጅ የቀበሩ አያት ከእናንተ በላይ ለክትባት ይከራከራሉ። በሽታውን ያየ ሰው ልጁን ቶሎ ይሰጣል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 የሳልክ የፖሊዮ ክትባት ሲሞከር 1.8 ሚሊዮን ያህል ልጆች የተሳተፉት ወላጆች ሳይንስ ስለገባቸው ብቻ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ወደ 58 ሺህ የሚጠጋ ሰው በፖሊዮ ሲያዝ አይተዋል። እንዲህ ያለው «እሺ» ከፍርሃት የመጣ ነውና እሱንም በዚያችው በማታዋ ጥያቄ ፈትሹት።

ወረቀቱን እንደ ቀላል ነገር ማየት

ለመደበኛ ክትባት ማን ፈርሞ ያውቃል? ወረቀት ስታወጡ ሰው ትዝ የሚለው ዋስትና፣ ዕዳና መሬት ነው። ለምን እንደሚፈረም አስቀድማችሁ ንገሩ። አንብቦ መፈረም የማይችል ወላጅ የጣት አሻራ ሲያደርግ ምስክሩ ራሱ የሚያምነው ሰው ይሁን፤ የእናንተ ሾፌር አይሁን።

«ትንሽ ደም ነው»

ትንሽ ማለት ስንት ነው? የሻይ ማንኪያ ይዛችሁ ሂዱ። አምስት ሚሊ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ነው፤ ውሃ ሞልታችሁ አሳዩ። ናሙናው ውጭ አገር የሚላክ ከሆነም እናንተው ተናገሩ። ከሌላ ሰው ከሰሙት «የልጆቻችንን ደም እየሸጡ ነው» የሚለው ወሬ በአንድ የገበያ ቀን ወረዳውን ያዳርሳል።

ግማሽ እውነት

የወባ ክትባቱ አርቲኤስኤስ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2014 በሰባት የአፍሪካ አገሮች ከ15 ሺህ በሚበልጡ ሕፃናት ላይ ተሞክሯል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ወር ከነበሩት መካከል ለማነጻጸሪያ የተመደቡት የወሰዱት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነበር። እንዲህ ባለ ጥናት «ሁሉም ልጅ ክትባት ያገኛል» ብትሉ አልዋሻችሁም፤ ወላጅ የሚሰማው ግን «ሁሉም የወባ ክትባት ያገኛል» ነው። ዕጣ መሆኑን፣ እናንተም ለማን የቱ እንደደረሰው እንደማታውቁ በግልጽ ተናገሩ። ክትባቱ በዚያው የዕድሜ ክልል፣ አራት ዶዝ ለወሰዱ ልጆች፣ በአራት ዓመት ገደማ ክትትል የወባ ሕመምን የቀነሰው በ36 በመቶ ነው። ጥቂት አይደለም፤ ግን «ይከላከላል» ብሎ የሄደ ሰው አጎበር አስጥሎ ነው የሄደው።

እንቢ ያለውን «ያልገባው» ማለት

ብዙ ጊዜ ከፈረመው በላይ የገባው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በናይጄሪያ ካኖ፣ በማጅራት ገትር ወረርሽኝ መሃል፣ ፋይዘር ትሮቫን የተባለ መድኃኒት በልጆች ላይ ሞከረ። ወላጆች ሙከራ መሆኑ አልተነገረንም ብለው ለዓመታት ተከራክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ካኖ የፖሊዮ ክትባትን ስታቆም ያ ቁስል ገና አልሻረም ነበር። ቫይረሱም ከሰሜን ናይጄሪያ ተነሥቶ አገር ለአገር ተዛመተ፤ በ2004 መጨረሻ በሱዳን በኩል እኛም ጋ ደረሰ። በ2020 በፈረንሳይ ቴሌቪዥን አንድ ሐኪምና አንድ ተመራማሪ ክትባት አፍሪካ ላይ ስለመሞከር ሲያወሩ ዶክተር ቴድሮስ አድሓኖም ራሳቸው ዘረኝነት ነው ብለው አወገዙ። ይህን የሰማ አባት «ለምን እዚህ? ለምን በእኔ ልጅ?» ቢላችሁ ተገቢ ጥያቄ ነው። በሽታው እዚህ ስላለ ከሆነ እሱን ተናገሩ፣ ማን እንደፈቀደ ተናገሩ፣ ልጁ ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክም ተናገሩ። አሁንም እንቢ ካለ አመስግናችሁ ውጡ። በሦስተኛው ቀን ተመልሳችሁ በሩን አታንኳኩ።

የትራንስፖርት ገንዘቡን መጨረሻ ላይ ተናገሩ፤ አስቀድሞ ከተነገረ ሌላውን የሚሰማ የለም።

ስልኩን መዝጋት

ከክትባቱ በኋላ ልጅ ሊያተኩሰው እንደሚችል ነግራችሁ፣ ሌሊት ሲያተኩሰው ስልኩ ካልተነሳ፣ ጠዋት ሠፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ ከዚያ በኋላ የምታብራሩት ነገር አይሰማም። ተረኛው ስልኩን ሳይሞላ አይተኛ። ብዙው ወላጅ ካርድ ስለማይኖረው የሚያደርገው ሚስድ ኮል ነው፤ መልሳችሁ ደውሉ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን።